የሪቻርድ ሉጋር የድምፅ መዝገብ፦ የኑክሌር ጦር መሣሪያ ቁጥጥርና ፀረ-ሚሳይል መከላከያ

ሪቻርድ ግሪን ሉጋር (ኤፕሪል 4 ቀን 1932 – ኤፕሪል 28 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.) የኢንዲያና ግዛትን ወክለው ከ1977 እስከ 2013 ድረስ ለ36 ዓመታት በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት (ሴኔት) ያገለገሉ የሪፐብሊካን ፓርቲ ፖለቲከኛ ነበሩ። ስማቸው ከሁሉ በላይ የሚነሳው ከዴሞክራቱ ሳም ነን ጋር ባወጡትና የቀድሞዋን ሶቭየት ኅብረት የኑክሌር ጦር መሣሪያ በአሜሪካ ገንዘብ ባፈራረሰው የነን-ሉጋር ሕግ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ሕይወታቸው በሙሉ ሳይሆን በኑክሌር ጦር መሣሪያ ቁጥጥርና በፀረ-ሚሳይል መከላከያ ጉዳዮች ላይ ስለ ሰጧቸው ድምፆች ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሉጋር መዝገብ የተማሪን ትኩረት የሚስበው በቀላሉ የማይመደብ በመሆኑ ነው። የጦር መሣሪያ ቅነሳ ወዳጅ ተብለው የተመሰገኑት እኚህ ሰው የኑክሌር ሙከራን የሚያግደውን ስምምነት ተቃውመዋል። ከሩሲያ ጋር የተደረጉትን ስምምነቶች ሲሟገቱላቸው የኖሩት ሰው፣ ሩሲያ አጥብቃ ስትቃወመው ለኖረችው የፀረ-ሚሳይል መከላከያ ሕግ ድጋፍ ሰጥተዋል።

የኋላ ታሪክ

ሉጋር የተወለዱት በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ነው። በኦሃዮ ግዛት ከሚገኘው ዴኒሰን ዩኒቨርሲቲ ከተመረቁ በኋላ የሮድስ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው በኦክስፎርድ ተምረዋል። ከ1957 እስከ 1960 በባሕር ኃይል ውስጥ ሲያገለግሉ ለባሕር ኃይሉ የበላይ አዛዥ ለአድሚራል አርሊ በርክ የስለላ መረጃ በቃል የሚያቀርቡ መኮንን ነበሩ። የዓለምን የጦር መሣሪያ ሚዛን የማወቅ ልማዳቸው ከዚያ የጀመረ ነው። ከ1968 ጀምሮ ለስምንት ዓመታት የኢንዲያናፖሊስ ከንቲባ ሆነው ሠሩ። በ1974 ለሴኔት ተወዳድረው በበርች ባይ ተሸነፉ፤ በ1976 ግን ቫንስ ሃርትክን አሸንፈው ገቡ።

በ1979 የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ አባል ሆኑ። ከ1985 እስከ 1987፣ በኋላም ከ2003 እስከ 2007 የኮሚቴው ሊቀ መንበር ነበሩ። በመጀመሪያው የሊቀ መንበርነት ዘመናቸው ከራሳቸው ፓርቲ ፕሬዚዳንት ከሮናልድ ሬጋን ጋር ተጋጭተው ነበር፤ ሬጋን በደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥት ላይ የወጣውን የማዕቀብ ሕግ ሲሽሩት ሉጋር ሴኔቱ ሽረቱን እንዲሽር ካስተባበሩት አንዱ ነበሩ። በኦክቶበር 1986 በ78 ድጋፍና በ21 ተቃውሞ ተሳካላቸው። ጉዳዩ ከኑክሌር ጋር ባይገናኝም የሰውየውን ጠባይ ያሳያል።

ድምፁ እንዴት ይቆጠራል

የሉጋርን ድምፆች ለመረዳት የአሜሪካን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ፕሬዚዳንቱ የፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚጸድቀው በስብሰባው ከተገኙት ሴናተሮች ሁለት ሦስተኛው ሲስማሙ ነው። መቶው ሁሉ ከተገኘ 67 ድምፅ ያስፈልጋል፤ በሌላ አነጋገር 34 ሰዎች ዓመታት የፈጀ ድርድርን ከንቱ ማድረግ ይችላሉ። ለዚህም ነው ከሁለቱም ፓርቲዎች ድጋፍ የሌለው ስምምነት የማያልፈው፣ ለዚህም ነው ሉጋርን የመሰለ በመሐል የቆመ ሰው ክብደት ያለው። የፀረ-ሚሳይል መከላከያ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው በተራ ሕግና በበጀት ነው። ለዚያ ተራ አብላጫ ድምፅ ይበቃል፤ ሆኖም ተቃዋሚዎች ክርክሩን ማራዘም ከፈለጉ ክርክሩን ለመዝጋት 60 ድምፅ መገኘት አለበት።

የመጀመሪያዎቹ ድምፆች፦ ከሳልት ሁለት እስከ ስታርት አንድ

ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርና ሊዮኒድ ብሬዥኔቭ በጁን 1979 የፈረሙት የሳልት ሁለት ስምምነት ወደ ውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሲመጣ ሉጋር አዲስ አባል ነበሩ። ኮሚቴው በኖቬምበር 1979 ስምምነቱን በ9 ድጋፍና በ6 ተቃውሞ አሳለፈው፤ ሉጋር ከስድስቱ ተቃዋሚዎች አንዱ ነበሩ። ከእሳቸው ጋር ከተቃወሙት መካከል ዴሞክራቱ የጠፈር ተጓዥ ጆን ግሌንም ይገኙበታል፤ የግሌን ዋና ጥያቄ ሶቭየት ኅብረት ቃሏን መጠበቋን በምን እናረጋግጣለን የሚል ነበር። ስምምነቱ ለሙሉው ምክር ቤት ድምፅ ሳይቀርብ ቀረ፤ ሶቭየት ኅብረት በዲሴምበር 1979 አፍጋኒስታንን ስትወር ካርተር ራሳቸው እንዲዘገይ ጠየቁ።

በ1985 ሴኔቱ በጄኔቫ የሚደረገውን የጦር መሣሪያ ድርድር በቅርብ የሚከታተል የታዛቢዎች ቡድን አቋቋመ። ሉጋርና ሳም ነን ሁለቱም በቡድኑ ውስጥ ነበሩ። የኋላው ሽርክናቸው የተጠነሰሰው እዚህ ነው ማለት ይቻላል።

ሬጋንና ሚካኤል ጎርባቾቭ በዲሴምበር 1987 የፈረሙት የመካከለኛ ርቀት የኑክሌር ኃይሎች ስምምነት ከ500 እስከ 5,500 ኪሎ ሜትር የሚወነጨፉ የየብስ ሚሳይሎችን ጨርሶ የሚያጠፋ ነበር። የማረጋገጫ ሥርዓቱ ከቀደሙት ስምምነቶች ሁሉ የጠበቀ ሲሆን የአንዱ አገር ተቆጣጣሪዎች በሌላው አገር መሬት ላይ ቆመው እንዲያዩ ይፈቅዳል። ሴኔቱ በሜይ 27 ቀን 1988 በ93 ድጋፍና በ5 ተቃውሞ አጸደቀው፤ ሉጋር ደገፉት። ከተቃወሙት አምስት አንዱ የኖርዝ ካሮላይናው ጄሲ ሄልምስ ነበሩ። ሄልምስ ከአንድ ዓመት በፊት በአገልግሎት ዘመን ብልጫ ተከራክረው ከሉጋር እጅ በኮሚቴው ውስጥ የሪፐብሊካኖችን ቀዳሚ ወንበር የወሰዱ ሰው ናቸው፤ ለሚቀጥሉት አሥራ አምስት ዓመታትም የሉጋር ዋና ተፎካካሪ በተቃራኒው ወገን ሳይሆን በዚያው ፓርቲ ውስጥ የነበሩት ሄልምስ ነበሩ።

የስታርት አንድ ስምምነት በኦክቶበር 1 ቀን 1992 በ93 ድጋፍና በ6 ተቃውሞ ጸደቀ፤ ሉጋር እዚህም ከደጋፊዎቹ ወገን ነበሩ። ያኔ ግን ስምምነቱን የፈረመችው አገር ራሷ ፈርሳ ነበር።

የነን-ሉጋር ሕግ

በኦገስት 1991 በጎርባቾቭ ላይ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ ሶቭየት ኅብረት መበታተን ጀመረች። በሩሲያ፣ በዩክሬን፣ በካዛክስታንና በቤላሩስ ተበትኖ የነበረው የኑክሌር ጦር መሣሪያ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ደመወዝ ያልተከፈለው ጠባቂና ሥራ ያጣ የኑክሌር ሳይንቲስት ከሚሳይሉ እኩል አስጊ ነበር።

በዚያ መኸር ሌስ አስፒን በታችኛው ምክር ቤትና ሳም ነን በሴኔቱ ከመከላከያ በጀት አንድ ቢሊዮን ዶላር ለሶቭየት ኅብረት እርዳታ እንዲውል ሐሳብ አቅርበው ነበር። በኢኮኖሚ ችግር ላይ የነበረው የአሜሪካ መራጭ ለትናንት ጠላት ገንዘብ መስጠትን ስላልወደደው ሐሳቡ ተነሣ። ነን ያን ጊዜ ሉጋርን ያዙ። ሁለቱ የሥራ ባልደረቦቻቸውን ሰብስበው አስረዱ፤ የእርዳታውን ዓላማ አጠበቡት፤ መጠኑንም ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር አወረዱት። ገንዘቡ የጦር መሣሪያን ለማጓጓዝ፣ ለማከማቸትና ለማፈራረስ ብቻ እንዲውል ሆነ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሊታሰብ ያልቻለው ነገር በኖቬምበር 25 ቀን 1991 በ86 ድጋፍና በ8 ተቃውሞ በሴኔቱ አለፈ፤ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኸርበርት ቡሽ በዲሴምበር 12 ፈረሙት።

ውጤቱ በቁጥር ሊታይ የሚችል ነው፤ ይህም በውጭ ፖሊሲ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነገር ነው። እስከ 2012 ድረስ ከ7,600 በላይ የኑክሌር አረሮች (በሚሳይል ጫፍ የሚገጠሙ ቦምቦች) ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ፤ ወደ 900 የሚጠጉ አህጉር አቋራጭ ሚሳይሎች፣ 33 ሰርጓጅ መርከቦችና ከ150 በላይ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ተፈራረሱ ወይም ተቆራረጡ። ካዛክስታን፣ ዩክሬንና ቤላሩስ እስከ 1996 መጨረሻ በግዛታቸው የነበረውን የኑክሌር መሣሪያ በሙሉ ወደ ሩሲያ አስረከቡ። ፕሮግራሙ በሩሲያ ሺቹቺየ በተባለ ቦታ ለነበረው የኬሚካል ጦር መሣሪያ ማስወገጃም ገንዘብ ሰጥቷል። ሉጋር እዚያ የተከማቸው መርዝ የተሞላ አንድ የመድፍ ጥይት በተራ የእጅ ቦርሳ ሊያዝ እንደሚችል ለማሳየት ቦርሳና ጥይት ይዘው ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። ፎቶግራፉ ከብዙ ንግግር ይልቅ ሴናተሮችን ያስረዳ ይመስላል።

ሕጉ ሲወጣ ለተቃዋሚዎች ማባበያ ተብሎ ፕሬዚዳንቱ በየዓመቱ ተቀባይዋ አገር ስለ ጠባይዋ ማረጋገጫ እንዲሰጥ የሚያስገድዱ ቅድመ ሁኔታዎች ገብተውበት ነበር። እነዚህ ሁኔታዎች ሥራውን ለወራት ያስቆሙበት ጊዜ ነበር። ሉጋር ዓመት በዓመት ሲሟገቱ ቆይተው በ2007 ተሰረዙ።

ፀረ-ሚሳይል መከላከያ

በ1972 አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት የተፈራረሙት የፀረ-ባሊስቲክ ሚሳይል ስምምነት ሁለቱም አገሮች መላ ግዛታቸውን ከሚሳይል የሚከላከል ሥርዓት እንዳይገነቡ ይከለክል ነበር። የስምምነቱ ሎጂክ ለብዙ ሰው እንግዳ ነው፤ አንዱ ጋሻ ካበጀ ሌላው ተጨማሪ ጦር ይሠራል፣ ስለዚህ ሁለቱም ጋሻ ባይኖራቸው ይሻላል የሚል ነው። ሬጋን በ1983 የጠፈር መከላከያ ዕቅዳቸውን ሲያስታውቁ ይህ አስተሳሰብ በሪፐብሊካኖች ዘንድ ተቀባይነቱን ማጣት ጀመረ።

በ1998 የሚሲሲፒው ሴናተር ታድ ኮክራን የሚሳይል መከላከያ በአስቸኳይ እንዲተከል የሚያዝ ረቂቅ አቀረቡ። ክርክሩን ለመዝጋት በሜይና በሴፕቴምበር ሁለት ጊዜ ድምፅ ተሰጠ፤ ሁለቱም ጊዜ 59 ለ41 ሆኖ በአንድ ድምፅ ወደቀ። 55ቱም ሪፐብሊካኖች፣ ሉጋርን ጨምሮ፣ ደግፈዋል። በሁለቱ ድምፆች መካከል፣ በኦገስት 1998፣ ሰሜን ኮሪያ በጃፓን ላይ ያለፈ ሮኬት አስወነጨፈች፤ ከዚያ በኋላ የፖለቲካው ነፋስ ተለወጠ። ኮክራን በ1999 ረቂቁን መልሰው አቀረቡ። በማርች 17 ቀን በ97 ድጋፍና በ3 ተቃውሞ አለፈ፤ የተቃወሙት ሪቻርድ ደርቢን፣ ፓትሪክ ሌሂና ፖል ዌልስተን ብቻ ነበሩ። ሉጋር ደገፉ።

ይህን የ97 ለ3 ውጤት ሲያዩ ሁሉም ሰው በአንድ ሐሳብ እንደተስማማ መገመት ስሕተት ይሆናል። ሕጉ ውጤታማ መከላከያ «በቴክኖሎጂ በተቻለ ፍጥነት» ይተከል ይላል፤ ወዲያው ደግሞ፣ በሉዊዚያናዋ ሜሪ ላንድሩ ማሻሻያ ምክንያት፣ አሜሪካ የሩሲያን የኑክሌር ኃይል በድርድር የመቀነስ ፖሊሲዋን ትቀጥላለች ይላል። ጋሻውን የሚፈልገው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር፣ ቅነሳውን የሚፈልገው ሁለተኛውን አንብቦ ድምፁን ሰጠ። ሉጋር በእርግጥ ሁለቱንም ከሚፈልጉት ጥቂቶች አንዱ ነበሩ። በንግግሮቻቸው የመከላከያ መስመሮችን በቅደም ተከተል ያስቀምጡ ነበር፤ መጀመሪያ አደገኛውን መሣሪያ በምንጩ ማጥፋት፣ ቀጥሎ ማስፈራትና በመንገድ መያዝ፣ ከዚያ ለአደጋ መዘጋጀት፣ በመጨረሻም የተወሰነ የሚሳይል መከላከያ። ለእሳቸው ጋሻው የመጨረሻው መስመር ነበር፤ ለብዙ የፓርቲያቸው ሰዎች ግን የመጀመሪያው ነበር።

ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ በዲሴምበር 2001 ከ1972ቱ ስምምነት አሜሪካ እንደምትወጣ አስታወቁ፤ መውጣቱም በጁን 2002 ጸና። ሴኔቱ በዚህ ላይ ድምፅ አልሰጠም፤ ስምምነት ለማጽደቅ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲጠየቅ ለመውጣት ግን የፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ በቃ።

የ1999ኙ የተቃውሞ ድምፅ

በሉጋር መዝገብ ውስጥ ከሁሉ የሚያከራክረው ሁሉን አቀፍ የኑክሌር ሙከራ እገዳ ስምምነት ላይ የሰጡት ድምፅ ነው። ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ስምምነቱን በሴፕቴምበር 1996 ፈርመውት ለሁለት ዓመታት ያህል በሄልምስ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በ1999 መኸር የሪፐብሊካኖቹ መሪ ትሬንት ሎት በድንገት ለድምፅ አቀረቡት። ከሁለቱም ወገን የተውጣጡ 62 ሴናተሮች ድምፁ እንዲዘገይ በደብዳቤ ጠየቁ፤ አልሆነም። በኦክቶበር 13 ቀን 48 ደገፉ፣ 51 ተቃወሙ፣ የዌስት ቨርጂኒያው ሮበርት በርድ «ተገኝቻለሁ» ብለው ከመወሰን ተቆጠቡ። ከሪፐብሊካኖች የደገፉት አራት ብቻ ናቸው። ሉጋር ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነበሩ።

ምክንያታቸውን ከድምፁ በፊት በጽሑፍ አውጥተዋል። አነስተኛ ፍንዳታዎችን በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም አሉ፤ የአሜሪካን የጦር መሣሪያ ያለ ሙከራ በኮምፒዩተርና በቤተ ሙከራ አስተማማኝ አድርጎ የመጠበቁ ፕሮግራም ገና አልተፈተነም አሉ፤ ስምምነቱን የሚጥስ አገር ቢገኝ የሚቀጣበት መንገድም ደካማ ነው አሉ። በዚያው መግለጫ ጉዳዩ በጥድፊያና በፖለቲካ ስሌት ለድምፅ መቅረቡን ነቅፈዋል። ደጋፊዎቻቸው ይህን ከ1979ኙ የሳልት ሁለት ድምፅ ጋር አያይዘው የማረጋገጫ ጥያቄ የጸና አቋማቸው እንደነበር ይናገራሉ። ሌሎች ግን ይህን ያህል ክብር ያለው ሰው ቢደግፍ ጥቂት ተጨማሪ ሪፐብሊካኖች ይከተሉት ነበር ብለው ይወቅሷቸዋል። ሆኖም 67 ለመድረስ 19 ድምፅ ጎድሎ ስለነበር የአንድ ሰው ድምፅ ውጤቱን አይለውጠውም ነበር። አሜሪካ ስምምነቱን ሳታጸድቅ ቀርታለች፤ ከሴፕቴምበር 1992 ወዲህ ግን የኑክሌር ፍንዳታ ሙከራ አላደረገችም።

የሞስኮ ስምምነትና ሕንድ

ሉጋር በ2003 እንደገና ሊቀ መንበር ሲሆኑ መጀመሪያ ያሳለፉት የሞስኮን ስምምነት ነው። ሁለቱ አገሮች እስከ 2012 መጨረሻ የተተከሉ አረሮቻቸውን ከ1,700 እስከ 2,200 እንዲያወርዱ የሚያዘው አጭር ሰነድ በማርች 6 ቀን 2003 በ95 ድጋፍ ያለ አንድ ተቃውሞ ጸደቀ። የራሱ የማረጋገጫ ሥርዓት አልነበረውም፤ በስታርት አንድ ተቆጣጣሪዎች ላይ የተመረኮዘ ነበር። በማረጋገጫ ጥብቅ ለነበሩት ሉጋር ይህ የማይመች ነጥብ ሳይሆን አልቀረም፤ ለዚህም ይመስላል የስታርት አንድ ዘመን እንዲራዘም ቀድመው መወትወት የጀመሩት።

አሜሪካ ከሕንድ ጋር በሲቪል ኑክሌር ኃይል እንድትሠራ የሚፈቅደውን ሕግም በ2006 በሴኔቱ መርተው አሳልፈዋል፤ ድምፁ 85 ለ12 ነበር። ሕንድ የኑክሌር ጦር መሣሪያ አለመስፋፋት ስምምነትን ያልፈረመች አገር በመሆኗ ብዙ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ወዳጆች ይህን እንደ መጥፎ አርአያ ቆጥረውታል።

አዲሱ ስታርት

ስታርት አንድ በዲሴምበር 5 ቀን 2009 ዘመኑ አለፈ፤ የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎችም ከሩሲያ የሚሳይል ጣቢያዎች ወጡ። ባራክ ኦባማና ዲሚትሪ ሜድቬዴቭ በኤፕሪል 8 ቀን 2010 በፕራግ አዲሱን ስታርት ፈረሙ። የተተከሉ አረሮች ጣሪያ 1,550፣ የተተከሉ ማስወንጨፊያዎች ጣሪያ 700 ሆነ። ኦባማና ሉጋር የቆየ ትውውቅ ነበራቸው፤ ኦባማ አዲስ ሴናተር ሳሉ በኦገስት 2005 ሉጋርን ተከትለው ወደ ሩሲያና ዩክሬን የጦር መሣሪያ ማከማቻዎች ሄደው ነበር።

ውጊያው የተካሄደው በሚሳይል መከላከያ ላይ ነው። የስምምነቱ መግቢያ በማጥቂያና በመከላከያ መሣሪያዎች መካከል ግንኙነት እንዳለ ይናገራል፤ አንቀጽ 5 ደግሞ የአህጉር አቋራጭ ሚሳይል ጉድጓዶችን ወደ ፀረ-ሚሳይል ማስወንጨፊያነት መለወጥን ይከለክላል። ተቃዋሚዎች ሩሲያ በዚህ በር የአሜሪካን ጋሻ ታግዳለች አሉ። የሚሳይል መከላከያ ኤጀንሲ ኃላፊ ሌተናል ጄኔራል ፓትሪክ ኦራይሊ በበኩላቸው አዲሱ ስምምነት ከቀድሞው ይልቅ ሥራቸውን እንደሚያቀልላቸው ለምክር ቤቱ መሰከሩ። ጉድጓዶቹን መለወጥ አዲስ ከመቆፈር የበለጠ ወጪ ስለሚጠይቅ ኤጀንሲው ዕቅዱም አልነበረውም።

በሴፕቴምበር 16 ኮሚቴው በሉጋር በተዘጋጀ የማጽደቂያ ውሳኔ መሠረት ስምምነቱን በ14 ለ4 አሳለፈ፤ ከሪፐብሊካኖች የደገፉት ሉጋር፣ ቦብ ኮርከርና ጆኒ አይዛክሰን ናቸው። በዲሴምበር 18 ጆን ማኬይን ሚሳይል መከላከያን የሚመለከተው ቃል ከመግቢያው እንዲወጣ ማሻሻያ አቀረቡ። ከስምምነቱ አንድ ቃል መውጣቱ ከሩሲያ ጋር ድርድሩን እንደ አዲስ መጀመር ማለት ስለነበር ሉጋር ተቃወሙ፤ ማሻሻያውም በ37 ድጋፍና በ59 ተቃውሞ ወደቀ። በዲሴምበር 22 ስምምነቱ በ71 ድጋፍና በ26 ተቃውሞ ጸደቀ። ከ13ቱ ደጋፊ ሪፐብሊካኖች መካከል የ1999ኙን የሚሳይል መከላከያ ሕግ ያመነጩት ታድ ኮክራን ይገኙበታል። የተቃወሙት 26ቱ ግን ሁሉም ሪፐብሊካን ነበሩ፤ ከሰባት ዓመት በፊት የሞስኮ ስምምነት አንድ ተቃዋሚ አልነበረውም።

ሽንፈትና ከዚያ በኋላ

በ2012 ሉጋር ለሰባተኛ ጊዜ ለመመረጥ ሲወዳደሩ በፓርቲያቸው የውስጥ ምርጫ የኢንዲያና ግዛት ገንዘብ ያዥ ሪቻርድ ሙርዶክ ተነሡባቸው። ከዴሞክራቶች ጋር አብረው መሥራታቸው፣ ለአዲሱ ስታርት የሰጡት ድጋፍ፣ በኢንዲያና የራሳቸው መኖሪያ ቤት የሌላቸው መሆኑ ሁሉ ክስ ሆኖ ቀረበባቸው። በሜይ 8 ቀን በሰፊ ልዩነት ተሸነፉ። ሙርዶክም በኖቬምበር በዴሞክራቱ ጆ ዶነሊ ተሸንፎ ወንበሩ ከሪፐብሊካኖች እጅ ወጣ።

በዚያው ዓመት መኸር ሩሲያ የነን-ሉጋርን ስምምነት በነበረበት መልክ እንደማታድስ አስታወቀች፤ ዘመኑም በጁን 2013 አበቃ። ኦባማ በ2013 ለሉጋር የፕሬዚዳንቱን የነፃነት ሜዳይ ሰጧቸው። አዲሱ ስታርት በ2021 ለአምስት ዓመታት ተራዘመ፤ ሩሲያ ግን በፌብሩዋሪ 2023 ተሳትፎዋን ማቋረጧን አስታወቀች።

ሉጋር በ87 ዓመታቸው በቨርጂኒያ አረፉ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በዚያው ዓመት አንድ አጥፊ የጦር መርከብ በስማቸው እንደሚሰየም አስታወቀ፤ ሌላው ደግሞ በሳም ነን ስም ተሰይሟል። ሁለቱም መርከቦች የሚመደቡት ሉጋር በወጣትነታቸው የስለላ መረጃ ያቀርቡላቸው በነበሩት በአድሚራል አርሊ በርክ ስም በሚጠራው የመርከብ ዓይነት ነው፤ ይህ ዓይነት መርከብ ከባሕር ላይ ለሚደረግ ፀረ-ሚሳይል መከላከያ ያገለግላል።